ኳ ኳ የሚለው ከየት ነው? የመኪና እግርና መሪ ቤት ውስጥ ሲፈተሽ

እህት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ከወንድሜ ጋር ስለ መኪና እግርና መሪ ነው የምናወራው። እግር ስንል ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙትን ሞላ፣ ሾክና መጋጠሚያዎች ማለታችን ነው። ጉዳዩን ያመጣው እሱ ነው፤ መኪናውን ከፍ ላድርጋት ብሎ ተነስቷል።

ወንድም፦ አዎ። የ1998 እ.ኤ.አ. ኮሮላ ናት። ሰፈር መግቢያ ላይ ያለው ብሬከር ሆዷን ይነካታል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከፊት በግራ በኩል ኳ ኳ ትላለች። ጋራዥ ወሰድኳት፣ አራቱም ሾክ ይቀየር ተባልኩ። ካልቀረ ጠንከር ያለ ሾክ ገዝቼ፣ ሞላው ላይ ማስነሻ አስገብቼ ከፍ ትበል አልኩ።

እህት፦ እኔ ደግሞ ቆይ አልኩት። መጀመሪያ የሚጮኸውን እንፈልግ፣ ገንዘቡ የትም አይሄድም።

ወንድም፦ እውነቷን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሜዳ ቦታ ላይ አቆምናት። አልተነሳችም፣ በአራት ጎማዋ ነው የቆመችው። የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ገባ። እትዬ ፓራፋንጎውን ወደታች ጫን ጫን አድርግ አለችኝ። እሷ ተንበርክካ እጇን ከጎማው ኋላ ሰደደች።

እህት፦ የስታብላይዘር ሊንኩን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ኩርባ ላይ መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት ከእግሩ ጋር የሚያገናኝ ስስ ዘንግ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ አለው። እሱ መኪናውን ባወዛወዘ ቁጥር ኳሷ ጣቴ ስር ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ጆሮ ያታልላል። ድምፅ በብረት ውስጥ ይሄድና ሌላ ቦታ ይሰማሃል፤ ጣት ግን በቀጥታ ያገኘዋል።

ወንድም፦ የቀኝ ሊንክ ላይ እኔም እጄን አስገብቼ ሞከርኩት። ጭጭ ነው። ልዩነቱ ያኔ ገባኝ።

እህት፦ ስለዚህ ኳ ኳ የሚለው ሾኩ አልነበረም። ሰው ሁሉ መኪና ሲንኳኳ ሾክ ሞተ ይላል። እስቲ ሾክ ምን እንደሚሠራ እናስብ። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞላ ብቻውን ቢሆን ግን ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር መኪናው ሲዘል ይውላል። ሾኩ ውስጥ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ይጨመቃል፣ ውዝዋዜው ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ሾክ ሲሞት መጀመሪያ የሚታይህ መዋኘት ነው፤ መኪናው ተወዛውዞ ቶሎ አይቆምም።

ወንድም፦ እንዴት ይታወቃል ታዲያ?

እህት፦ ፓራፋንጎውን በደንብ ተጭነህ ልቀቀው። አንዴ ተነስቶ ከቆመ ደህና ነው። ሁለቴ ሦስቴ ከዘለለ አልቋል። ግን በዚህ ብቻ አትፍረድ። የሾኩን አካል እይ፣ ዘይት አልብሶት አቧራ ከተጋገረበት እያፈሰሰ ነው። የጎማውን ፊት በመዳፍህ ዳሰው፣ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ካለ ሾኩ ጎማውን መሬት ላይ አልያዘውም ማለት ነው። የአንተ ኋለኞቹ ደህና ናቸው። የፊቶቹ ሁለቱም አልበዋል። ሾክ ደግሞ በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ስትይዝ ግራና ቀኙ እኩል አይቀመጥም።

ወንድም፦ መሪውስ? ያን ቀን የገረመኝ እሱ ነው።

እህት፦ ለእሱ መኪናዋን አነሳናት። በክሪክ ነው የምትነሳው፣ የምትቆመው ግን በካቫሌቶ፣ በብረት መቆሚያ ላይ። ክሪክ ይንሸራተታል፣ ዘይቱም ሊለቅ ይችላል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እጅም አይገባ፣ እግርም አይገባ። ይኼን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

ወንድም፦ ከዚያ ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘሽ ነቀነቅሽው።

እህት፦ ሰዓት ላይ 9 እና 3 የሚሆኑበት ቦታ ማለት ነው። እዚያ ክፍተት ካለ ታይሮዱን፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረውን የመሪ ዘንግ ጫፍ፣ ወይም ዘንጉን ግራና ቀኝ የሚገፋውን የመሪውን ራክ ጠርጥር። ቀጥሎ ላይና ታች ይዘህ ነቅንቅ። እዚህ ከተንቀሳቀሰ ወይ ቦልጆይንት፣ የእግሩ የኳስ መጋጠሚያ ነው፣ ወይ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ። ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦልጆይንቱ።

ወንድም፦ የኔ የግራ ታይሮድ ነበር። የጎማ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው ወጥቶ አሸዋ ገብቶበታል።

እህት፦ ታይሮድ ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል። ስትፈታው የሚዞረውን ቁጠር፣ የድሮው ስንት ዙር ከወጣ አዲሱም ያንኑ ያህል ይግባ። ጥርሱ ላይ በቀለም ምልክት አድርግ። ዳዶው እንዳይላላ የምትገባዋን ፒን በአዲስ ቀይር፣ አሮጌዋን አቃንተህ አትመልስ። ያም ሆኖ አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ግድ ነው። ቆጠራው አላይመንት ቤት እስክትደርስ ነው። ካልሄድክ ጎማው በአንድ ጎን ተበልቶ ያልቃል።

ወንድም፦ ስለ ጎሚኒዎቹ ንገሪያቸው።

እህት፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ ጋራዥም ጭምር፣ ይሳሳታል። አርሙ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ላይ ያለው ጎሚኒ የላስቲክ መጋጠሚያ ነው፣ ውስጡ የብረት ቱቦ አለው፤ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው። ብሎኑን ስታጠብቅ የውስጡ ቱቦ እዚያው ይቆለፋል። መኪናው ተነስቶ እግሩ ወደታች ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅከው፣ መሬት ስታወርደው ላስቲኩ እንደታጠበ ልብስ ይጠመዘዛል። ቆሞም ሲሄድም ተጠምዝዞ ነው የሚኖረው። ከዚያ ጎሚኒው ሳይቆይ ይቀደድና ዕቃው ፎርጂድ ነው ይባላል። ብሎኑን በእጅ ያህል አስይዘህ፣ መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍበት ነው የመጨረሻው ማጥበቅ።

ወንድም፦ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ጎሚኒ እያልን ሁሉም ጣሊያንኛ መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል።

እህት፦ ሾክ፣ ታይሮድ፣ ቦልጆይንት ደግሞ ከእንግሊዝኛ። የጋራዥ አማርኛ የመኪናውን ታሪክ ይዟል። እኔ በጣም ነው የምወደው።

ወንድም፦ እሺ፣ ወደ ማስነሻው እንመለስ። ያልሽኝን ድገሚው።

እህት፦ ሞላው ላይ ማስነሻ ሲገባ የቦልጆይንቱና የአክስሉ አንግል ይለወጣል። ፋብሪካው ካሰበው ውጭ ተጣመው ስለሚሠሩ ቶሎ ያልቃሉ። የመኪናው ክብደትም ወደ ላይ ስለሚወጣ ኩርባ ላይ ይበልጥ ያጋድላል። ሆዷ የሚነካው ምናልባት ሞላው ከዕድሜ ብዛት ስለወረደ ይሆናል። ልኩ የሆነ አዲስ ሞላ የጠፋውን ከፍታ ይመልስልሃል። ማሻሻል ከፈለግክ ልክ የሆነ ሾክ፣ ልክ የሆነ ጎማ፣ በሾፌር በር በኩል የተለጠፈው የነፋስ መጠን። ያኔ መኪናዋን አታውቃትም።

ወንድም፦ ላስቲኩን ትቼ ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ላስገባስ?

እህት፦ ዕድሜው ረጅም ነው፣ መሪህንም ስል ያደርገዋል። ግን ከላስቲክ ይልቅ ጠጣር ነው። የኮብልስቶኑ ንዝረት በሙሉ መቀመጫህ ድረስ ይመጣል፣ ግራሶ ሲያልቅበትም ይጮኻል። ለእኛ መንገድ ላስቲኩን እመርጣለሁ።

ወንድም፦ ሞላውን ራሴ ልቀይረው?

እህት፦ እሱን አትነካም! ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የቆሙበት አሠራር ማክፈርሰን ይባላል። አሜሪካዊው ኢንጂነር ኧርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ዕቃው ትንሽ፣ ቦታ የማይፈጅ ስለሆነ ትናንሽ መኪኖች ላይ ተስፋፋ። ሞላው እዚያ ላይ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። መሃል ያለችውን ዳዶ ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ ከፈታሃት ሰው ትገድላለች።

ወንድም፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

እህት፦ ኮፋኖውን ክፈት። መሃለኛዋን ሳትነካ ዙሪያዋን ያሉትን ሦስት ዳዶዎች ፍታ፣ ከታች ሁለቱን ብሎኖች አውጣ። ሙሉውን እንዳለ ይዘህ መጭመቂያ ማሽን ያለው ጋራዥ ውሰድ። እነሱ ሞላውንና ሾኩን ይቀይሩልሃል፣ መልሰህ የምትገጥመው አንተ ነህ።

ወንድም፦ የመሪ ዘይቱንም ረሳነው።

እህት፦ ያንተዋ በሃይድሮሊክ ነው የምትሠራው። ዘይቱ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው፣ መሙላት ብቻ መፍትሄ አይሆንም። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረህ ይዘህ አትቆይ፣ ፓምፑ ይግላል።

ወንድም፦ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያ፣ ነገ እሄዳለሁ። ሊንክ ሁለት፣ ታይሮድ አንድ፣ የፊት ሾክና ሞላ ጥንድ ጥንድ።

እህት፦ አሮጌውን ታይሮድ ፈተን ነው የምንሄደው፣ ጎን ለጎን አስቀምጠን ጥርሱንና ርዝመቱን እናያለን። የጎማ ዳዶ የምናጠብቅበትን ቶርክ ቁልፍም ከጓደኛህ ተዋስ፤ ለኮሮላህ 103 ኒውተን ሜትር ነው። አንተ ዛሬ ማታ የታችኞቹ ብሎኖች ላይ የዝገት ማላቀቂያ እርጭባቸው። ሌሊቱን ይጠጡት።