አምባዛ ቶሎ አይሞትም

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ስለ ዶሮ ማረድ ያወራሁትን የሰማችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው» ልትሉ ነው። በሉ። ዛሬም ስለ መግደል ነው።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓሣ የሚራገፍበት ጋ ነኝ። ልጁ ጀልባውን አስጠግቷል። ቆሮሶው፣ ነጭ ዓሣው፣ ሁሉም ሞቷል። ከሥር ግን አንድ አምባዛ አለ። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጢሙ ይንቀሳቀሳል። አምባዛ እንደ ሌላው ዓሣ አይደለም፣ አየር መተንፈስ ይችላል። ከውኃ ቢወጣም ቶሎ አይሞትም። ልጁ ዱላ አነሳና ጭንቅላቱን መታው። አልሞተም። ከዛ ዱላውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄን ልበልትልዎት?»

አዎ አልኩት።

ቆይ፣ የከነከነኝን ልንገራችሁ። ዱላው አይደለም። መጀመሪያ ሲመታው ዓሣው የሱ ነበር። ቀጥሎ ግን እኔን ጠበቀ። ዱላው አየር ላይ ነው፣ አምባዛው አፉን ይከፍታል፣ እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ብር እየፈለግሁ ነው። ሁለተኛው ምት የማን ነው?

እናቴ «አትግደል የተባለው ለሰው ነው» ትላለች። ልክ ናት መሰለኝ። ደግሞ ኦሪት ዘፍጥረት ላይ መጀመሪያ ለሰው የተሰጠው ቡቃያና ፍሬ ነው። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው። ዓሣ ግን መርከቡ ላይ አልተሳፈረም። ምን ያደርግለታል? ሰዎቹ ሲሰምጡ እሱ እየዋኘ ነበር። ይሄን ሳስብ ብቻዬን ስቄያለሁ፣ አትታዘቡኝ።

ዶሮ እኮ ቢያንስ ወግ አላት። በበዓል ጠዋት እትዬ ዶሮዋን አቅፋ፣ ቢላዋ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ወንድ ፍለጋ። ጢም ያላበቀለ ልጅ ቢሆን እንኳ ተጠርቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ በስመ አብ ብሎ ነው። ለዓሣ በስመ አብ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ደም ስለማይታይ ይሆን? ወይስ ስለማይጮህ? ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ግማሾቻችን ዓሣ ባልበላን… አይ፣ በግም ይጮሃል። ተውት።

አምባዛው ግን ጣፍጦኛል። መዋሸት አልፈልግም። ጉላሽ ነው የሠራነው፣ ቃሪያ በዝቶበት።

ሌላው መግደያ ደግሞ ብርብራ የሚባለው ዛፍ ነው። ፍሬውን ፈጭተው ውኃ ውስጥ ይበትኑታል፣ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ትልቁም ጫጩቱም። እዚያ ዱላ የለም፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ከልጁ ዱላ ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ልጁ ቢያንስ የሚመታውን ያያል።

ክረምት ላይ ደግሞ ነጭ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ወደ ወንዝ ይወጣል። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና ውጭ የትም የሉም። መረብ የያዘ ሰው ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቀዋል። ሆዱ ሙሉ ሆኖ ሲመጣ ጠብቆ። ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል። መረቡን የሚጥለው ሰውዬ ግን ልጆች አሉት። እምቦጩ፣ ያ የውኃ አረም፣ ሐይቁ ላይ መንገድ ዘግቶበታል። ምን ልበለው፣ ጾምህን እደር?

ጾም ካልኩ አይቀር… ፍልሰታ የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ሥጋ እናቆምና፣ ዓሣ ይበላል አይበላም እየተከራከርን፣ የምንበላው እንበላለን። እኔም እበላለሁ። ብሩን ከፍዬ ማለት ነው። ታዲያ ያን መረብ የሚጥለው… አላውቅም። ዘንድሮ ልተወው ብዬ ነበር። ግን እትዬ ወጡን ሠርታ ስትጠራኝ እንዴት ነው አልበላም የምላት፣ እሷ ደግሞ…