ባንዱ የት ሄደ? የኃይሉ መርጊያ ካሴት ለምን ያከራክረናል

(ጥቁር ስክሪን። ሙዚቃው ብቻ ይሰማል።)

እስቲ ይሄን ድምፅ ስሙልኝ።

ይሄን ስትሰሙ ወይ «ወይ ጉድ፣ ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው» ብላችሁ ድምፁን ጨምራችኋል፣ ወይ ደግሞ ድሮ ቴሌቪዥን ላይ በሁለት ፕሮግራም መሃል ይለቀቅ የነበረው ሙዚቃ ትዝ ብሏችኋል። እኔ መጀመሪያ ቀን ሁለተኛው ወገን ነበርኩ። ግማሽ ላይ ዘግቼው ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

(የካሴቱ ምስል።)

አልበሙ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። የተቀረጸው በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ያ ሂልተን ይጫወት የነበረው፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ያስቀረጸው ዋልያስ። ባንዱ በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደ። ገሚሱ ተመለሰ፣ ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማረ፣ እዚያ የተዋወቀው አንድ ሰው ትንሽዬ ስቱዲዮ ነበረው፣ ገባና ብቻውን ቀረጸው። ብቻውን ስል፣ በቃ ብቻውን። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ)፣ ሌላ ሲንተሳይዘር ያማሃ ዲኤክስ 7፣ ከሥር ምቱን የሚመታ ማሽን። ትራምፔት የለ፣ ሳክስፎን የለ፣ ድራመር የለ።

በነገራችን ላይ የአልበሙ የእንግሊዝኛ ስም «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ነው። ፈረንጅ ይሄን ሲያነብ ሞዛርት ይጠብቃል። እኛ ግን ክላሲካል የምንለው ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ነው፣ አለቀ። ግራ መጋባቱ ከሽፋኑ ይጀምራል ማለት ነው።

(ስልክ የያዘ እጅ።)

አጎቴን አሰማሁት። ሰባ ዓመት አልፎታል፣ በጉርምስናው ባንድ የሚጫወትበት ቤት ሁሉ የማይጠፋ ሰው ነበር። ስልኩን ጆሮው ሥር አድርጎ አንድ ሁለት ደቂቃ ሰማ። ከዚያ ቀና ብሎ «ጥሩ ነው። ባንዱ የት ሄደ?» አለኝ። «ጋሼ፣ ባንድ የለውም፣ ብቻውን ነው የሠራው» አልኩት። «እሱማ ያስታውቃል» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

አብዛኛው የእኛ ሰው ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ዜማው አይደለም ችግሩ፤ ዜማውንማ ሁሉም ያውቀዋል፣ አብሮ ያንጎራጉረዋል። ችግሩ ያ ማሽን ነው። ችክችካ ስትሰሙ ደህና ድራመር ካለ ምቱ እኩል አይሄድም። ዘፋኙ ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል፣ አዝማቹ ሊደርስ ሲል ትንሽ ይገፋዋል፣ ጨፋሪው ትከሻውን ሲጥል አይቶ አንዷን ምት ከበድ ያደርጋታል። ማሽኑ ማንንም አያይም። ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ያው ነው።

ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ አጎቴ የተቀየመው ኃይሉን አይደለም። የተቀየመው ኦርጋኑን ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊት ጭፈራ ቀዘቀዘ፣ ያ ሁሉ ትራምፔትና ሳክስፎን የያዘ ትልቅ ባንድ እየሳሳ ሄደ። ቀስ በቀስ ኪቦርድ ቦታውን ያዘ። የሰርግ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው አንድ ኦርጋን ይዞ ቁጭ ይልና፣ ትራምፔቱንም ቫዮሊኑንም ከበሮውንም በቁልፍ እየቀያየረ ያመጣዋል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አምስት ስድስት ሙዚቀኛ ከመቅጠር ይሻላል። እኛም በዚያ አድገናል። ስለዚህ ሲንተሳይዘር ስንሰማ ጆሯችን ሙዚቃውን ሳይሆን ያንን ድንኳን ነው የሚሰማው፣ የሚንጫጫውን ስፒከርና «ሄሎ ሄሎ፣ ማይክ ቼክ»ን ጭምር።

(ባሕር ዳር፣ የሐይቁ ዳር።)

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን። በ2013 ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ፣ ባሕር ዳር ላይ ይሄን ካሴት ያገኛል። ሰምቶ አበደ ነው የሚባለው። ኃይሉን አፈላልጎ ደወለለትና በዚያው ዓመት «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚለው ድርጅቱ በሸክላም በሲዲም እንደገና አወጣው። ከዚያ በኋላ ነው አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ወጣቶች የያዙት። እነሱ የእኛ ድንኳን የለባቸውም። ማሽኑን ሲሰሙ ርካሽ ሰርግ አይመጣባቸውም፤ የሌላ ፕላኔት ሙዚቃ ነው የሚመስላቸው።

አንዳንዴ ያበዙታል። የካሴቱን ሹሹታ ሳይቀር የሚወድ አለ፣ እኛ በእስክሪብቶ ስናጠነጥንና ቴፑን በአልኮል ስንወለውል ያደግንበትን ሹሹታ። ግን አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፦ ያለ ቂም ነው የሚሰሙት።

እኔም ያለ ቂም ልስማው ብዬ ሞከርኩ። ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ያኔ ነው አኮርዲዮኑ የገባኝ። ማሽኑን ተዉትና አኮርዲዮኑን ብቻ ተከተሉት።

(«አምባሰል» ከመጀመሪያው።)

አኮርዲዮን ሆድ አለው፣ ይተነፍሳል። ኃይሉ ኖታውን ልክ ምቱ ላይ አያሳርፈውም፤ ትንሽ ዘግየት ያደርገዋል፣ ይጎትተዋል፣ ከዚያ ሮጥ ብሎ ይደርስበታል። ማሽኑ ንቅንቅ አይልም፣ እሱ ዙሪያውን ይዞራል። ማሽኑ እንደዚያ ግትር ባይሆን ኖሮ ያ መዘግየት አይሰማም ነበር። አጎቴ የጠላው ነገር ለእኔ አልበሙን የያዘው ምሰሶ ሆነ።

ሁለተኛው የገባኝ ነገር ሙጉ ነው፣ ያ ሲንተሳይዘር። የዚያ ዘመን ሙግ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ሁለት ቁልፍ ብትጫኑ አንዱ ብቻ ነው የሚሰማው። በፒያኖ ዓይን ጉድለት ነው። በማሲንቆ ዓይን ግን ምኑም አይገርምም፣ ማሲንቆም ያለው አንድ ጭራ ነው። በአንድ ድምፅ ማልቀስም መሳቅም የለመደ ጆሮ ነው ያለን። ድምፁን ጠምዘዝ አድርጎ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲያንሸራትት፣ ሲንተሳይዘሩ ውስጥ አዝማሪ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

እንከን የለውም አልልም። ሙሉውን በአንድ ቁጭታ ስትሰሙት ይሰለቻል። ከአምስተኛው ሙዚቃ በኋላ ምቱ ጆሮ ላይ ይደርቃል፣ የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ይምታታል፣ እንደ «ሽለላ» ዓይነት ነገር ደግሞ ሰው ካልፎከረበት ምን ዋጋ አለው የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም። ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ ስሙት።

(የሌሊት መንገድ፣ የመኪና መብራት።)

ካሴቱ ከወጣ በኋላ ኃይሉ ለብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ነው የኖረው፣ ዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ኪቦርድ ይዞ ይዞራል፤ ተራ ሲጠብቅ ያወጣና ይለማመዳል። ካሴቱ እንደገና ከወጣ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። በዚህኛው ማሽን የለም። ድራሙን የሚመታው ሰው ነው፣ ቶኒ ባክ የሚባል አውስትራሊያዊ።

እሰይ ብዬ ወደ አጎቴ ይዤው ሄድኩ። ድራመር ያለበት ነው፣ ማንነቱን ግን አልነገርኩትም። ስልኩን ጆሮው ሥር አደረገ። ይሄኛውን እስከ መጨረሻው ሰማው፣ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየመታ።

«እ? እንዴት ነው ጋሼ?»

«አሁን ሰው ነው የሚመታው» አለ። ትንሽ አሰበና «ግን ፈረንጅ ነው አይደል?»