የጠገበ ሆድ፣ የተራበ ሰውነት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ስለ ረሃብ ላወራችሁ ነው። ግን ሆዱ ባዶ ስለሆነ ሰው አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ በልቶ፣ ጠግቦ ስለሚያድር ሰው ነው። ይህ ሰው ላይከሳ ይችላል። እንዲያውም ወፍራም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቶሎ ይደክመዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ቁስሉ አልድን ይለዋል። ባለሙያዎች ይህን ድብቅ ረሃብ ይሉታል።

እንዴት ሰው እየበላ ይራባል? ከምግብ የምናገኛቸው ንጥረ ነገሮች በስድስት ይመደባሉ፦ ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ቫይታሚን፣ ማዕድንና ውሃ። ኃይል የሚሰጡን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ አንድ ግራም ቅባት ደግሞ 9። ቫይታሚንና ማዕድን ግን ካሎሪ የላቸውም። ቢጎድሉም ሆድ አይጮህም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ሰውነታችን ብዙ ነገር በራሱ መሥራት ይችላል። የማይችለው ነገር ግን አለ፤ ያንን ከማዕድ ካላገኘ ከየትም አያመጣውም። ፕሮቲንን ውሰዱ። የሚሠራው ከ20 አሚኖ አሲዶች ነው። ዘጠኙን ሰውነት መሥራት ስለማይችል የግድ መብላት አለብን። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ ዘጠኙንም አሟልተው ይይዛሉ። ሥጋ የማይበላ ወይም መግዛት የከበደው ሰው ይህን ሰምቶ አይደንግጥ። እህል የሚያንሰው አሚኖ አሲድ በጥራጥሬ ውስጥ በደንብ አለ። ጥራጥሬ የሚያንሰው ደግሞ በእህል ውስጥ ይገኛል። ሁለቱን በአንድ ቀን ውስጥ የበላ ሰው ጉድለቱን ይሞላል። በአንድ ሳህን ላይ መቅረብ እንኳ የለባቸውም። ቫይታሚን ቢ12 ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ነው። የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይነካ ሰው ቢ12 የተጨመረበት ምግብ ወይም እንክብል ያስፈልገዋል።

የቫይታሚን ነገር የተገለጠበት መንገድ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክርስቲያን ኤይክማን የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ቤሪቤሪ የተባለውን በሽታ ያጠና ነበር። በሽታው እግር ያሽመደምዳል፣ ልብ ያደክማል፣ ይገድላልም። ሁሉም ተሕዋስ ነው የሚያመጣው ብሎ ያምን ነበር። አንድ ቀን ለምርምር የሚያረባቸው ዶሮዎች ልክ እንደ በሽተኞቹ መራመድ አቃታቸው። ለካስ የሚበሉት ከወታደር ሆስፒታል የተረፈ፣ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ነበር። በኋላ ያልተፈተገ ሩዝ ሲሰጣቸው ዳኑ። ኤይክማን ራሱ መጀመሪያ ላይ ነጩ ሩዝ መርዝ ያለበት መስሎት ነበር። በ1901 ገሪት ግራይንስ የተባለ ባልደረባው ትክክለኛውን ነገር ተናገረ፦ ችግሩ ምግቡ ውስጥ ያለው ሳይሆን ከምግቡ የጎደለው ነው። የጎደለው ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ነው። ኤይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ሕሙማን ሩዝ አልጠፋባቸውም። ጠግበው ነው የሞቱት።

ዛሬ 13 ቫይታሚኖች ይታወቃሉ። እነሱንና ማዕድናቱን ሁሉ ብዘረዝር ትሰለቻላችሁ፣ ስለዚህ በየቤታችን ብዙ ጉዳት በሚያደርሱት ላይ ላተኩር።

ከሁሉ በፊት ብረት። ቀዩ የደም ሴል ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው። ሲጎድል የደም ማነስ ይመጣል። የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች ቀድመው ይጎዳሉ። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። መምህራን፣ ይህን አደራ እላችኋለሁ። በጥራጥሬና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት የሚወስደው በጥቂቱ ነው። ከምግቡ ጋር ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢኖር ግን ቫይታሚን ሲ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ያግዛል። ሻይና ቡና በተቃራኒው ያግዱታል። ማንም ሻይ ይተው አላልኩም። ከምግብ ጋር አትጠጡት፤ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ምንም ወጪ የሌለው ለውጥ ነው።

ሁለተኛው አዮዲን ነው። የሚያስፈልገን በቀን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ከአንድ ግራም ሺኛ እንኳ በጣም ያንሳል። ሲጎድል እንቅርት ይወጣል። የከፋው ግን ጽንስ ላይ የሚደርሰው ነው፤ የልጁን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። መፍትሔው አዮዲን ያለው ጨው ነው። ስዊዘርላንድ በ1922 ጀመረችው፣ ብዙ አገሮችም ተከተሏት። ይህ ማለት ግን ጨው አብዙ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው።

ሦስተኛው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ነው። እዚህ ላይ ወጣት ሴቶችና ባሎች ጆሯችሁን ስጡኝ። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ፎሊክ አሲድ ከጎደለ ቱቦው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሴቶች በዚያ ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ካወቁ በኋላ መድኃኒቱን ቢጀምሩ ለዚህኛው ጉዳት ረፍዷል። ስለዚህ ልጅ ያሰበች ሴት ቀድማ፣ ከመፀነሷ በፊት፣ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመከራል። አረንጓዴ ቅጠልና ጥራጥሬም ይረዳሉ።

እንግዲህ ሁሉንም ቫይታሚን ከፋርማሲ ገዝቼ ልዋጥ የሚል ይኖራል። አይሆንም። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በቅባት የሚሟሙ ስለሆኑ ሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ። በተለይ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ጽንስንም ያበላሻል። የደም ማነስ የጠረጠራችሁ ደግሞ መጀመሪያ ተመርመሩ። መንስኤው ብረት ላይሆን ይችላል።

ምርመራውን የት እንደምታደርጉ፣ ልጆቻችሁን ምን እንደምታበሉ የምትጠይቁኝ ካላችሁ እዚሁ ነኝ። አመሰግናለሁ።