ሜዳ ላይ ያልጠፉት ሦስት ነጥቦች

ለቡድን መሪዎችና ለፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች በተዘጋጀ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ቡድን መሪዎች፣ አሰልጣኞች፣ የጽሕፈት ቤት ባልደረቦች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ምድብ ነው፤ ለ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ በአፍሪካ ማጣሪያ ሁለተኛ ዙር ስለነበረው ምድብ ኤ። በምድቡ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነበሩ። ጎሎቹን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁና ስለ አጨራረስ ውበት አንነጋገርም። የምንመረምረው በወረቀት ላይ የሆነውን ነው። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ ውድድሮቹን ግን በሚታወቁበት ዓመት።

አስቀድመን የምድቡን ሂሳብ እንያዝ። በዚያ ዙር አርባ ቡድኖች በአሥር ምድብ ተደልድለው፣ እያንዳንዱ ቡድን ስድስት ጨዋታ ያደርግ ነበር። ወደ ቀጣዩ የደርሶ መልስ ዙር የሚያልፈው የምድቡ አንደኛ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ምንም አያገኝም። ስድስት ጨዋታ ማለት 18 ነጥብ ማለት ነው። እንዲህ ባለ አጭር ምድብ ሦስት ነጥብ የጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ነው። ሠላሳና ከዚያ በላይ ጨዋታ ባለው ሊግ የሠራ ሰው ይህን ልዩነት ቶሎ አይለምደውም። በሊግ አንድ ስህተት በሚቀጥለው ሳምንት ይካካሳል። በምድብ ማጣሪያ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው።

ዋልያዎቹ ግንቦት 26 ቀን 2004 በሩስተንበርግ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። ሰኔ 3 አዲስ አበባ ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 0 አሸነፉ፣ ሁለቱንም ያስቆጠረው ሳላዲን ሰዒድ ነው። ከዚያ ምድቡ ዘጠኝ ወር ቆመ። መጋቢት 15 ቀን 2005 ቦትስዋና በጌታነህ ከበደ ጎል 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሰኔ 1 ቡድኑ ቦትስዋና ድረስ ሄዶ 2 ለ 1 አሸንፎ ተመለሰ። ሰኔ 9 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ፤ የማሸነፊያዋን ጎል በራሱ መረብ ላይ ያገባው፣ ቀደም ብሎ ለቡድኑ ያስቆጠረው በርናርድ ፓርከር ነበር። ኢትዮጵያ 13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ፣ የቀረ አንድ ጨዋታ። ምድቡ አለቀ ተብሎ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ።

በዚያው ቀን ፊፋ በሰኔ 1ዱ የቦትስዋና ጨዋታ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ ቀደም ባሉት የማጣሪያ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት ያንን ጨዋታ ማረፍ ነበረበት፤ ግን ተሰለፈ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። 2 ለ 1 የነበረው ድል 3 ለ 0 ሽንፈት ሆኖ ተመዘገበ፤ ፎርፌ የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የፎርፌን ዋጋ «ሦስት ነጥብ» ብሎ ብቻ ያልፈዋል። ዋጋው ከዚያ በላይ ነው። ኢትዮጵያ ከ13 ወደ 10 ወረደች። ቦትስዋና ከ4 ወደ 7 ወጣች፣ ማለትም ከውድድሩ ወጥታ የነበረች ቡድን ተመልሳ ገባች። የግብ ክፍያችን ከአንድ ጎል ትርፍ ወደ ሦስት ጎል ዕዳ ሲገለበጥ በአንድ ጨዋታ አራት ጎል ተቆረጠብን። አዲሱ ሠንጠረዥ ኢትዮጵያ 10 ነጥብ በአንድ ጎል ትርፍ፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ በአራት ጎል ትርፍ፣ ቦትስዋና 7 ነጥብ በአንድ ጎል ትርፍ አለ።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ቀን፣ ወደ ጳጉሜን 2። ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና ደርባን ላይ ይገናኛሉ፣ እኛ ብራዛቪል ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ ጋር። ደቡብ አፍሪካ ካሸነፈች 11 ነጥብ ትይዛለች። እኛ አቻ ከወጣን እኛም 11። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነጥብ እኩል ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የጠቅላላ ግብ ክፍያ ነው፣ በዚያ ደግሞ እንበለጣለን። ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ማሸነፋችን፣ ሩስተንበርግ ላይም አቻ መውጣታችን አይረዳንም ነበር። እኛ ተሸንፈን ቦትስዋና ካሸነፈች ደግሞ ሁለታችንም 10 ሆነን ቦትስዋና በግብ ክፍያ ታልፋለች። ከምርመራው በፊት ጨዋታው የወዳጅነት ያህል ነበር፤ ከፎርፌው በኋላ ደቡብ አፍሪካ ስታሸንፍ ከማሸነፍ ሌላ መንገድ የሌለው ሆነ። ደርባን ላይ 4 ለ 1 ተጠናቀቀ፣ ዋልያዎቹም 2 ለ 1 አሸነፉ። 13 ለ 11፣ በሁለት ነጥብ አለፍን። ጥቅምት 3 እና ኅዳር 7 ቀን 2006 ናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 አሸንፋ ከብራዚል አስቀረችን፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ደንብ ሌላ ነው። ካፍ፣ ማለትም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ነጥብ እኩል ሲሆን አስቀድሞ የሚያየው የእርስ በርስ ግንኙነትን ነው። ሁለቱን ደንቦች የሚያምታታ ቡድን መሪ በመጨረሻው ጨዋታ 80ኛ ደቂቃ ላይ ለአሰልጣኙ የተሳሳተ ምክር ይሰጣል፤ «አቻ ይበቃናል» ይለዋል፣ አይበቃም።

ታዲያ ካርድ እንዴት ይረሳል? የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። በምድቡ ሁለተኛና ሦስተኛ ጨዋታ መካከል ዘጠኝ ወር አለ። በዚያ መሃል ቡድኑ ሱዳንን አሸንፎ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ፣ ጥር ላይም ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በውድድሩ ተሳተፈ። የእነዚያ ጨዋታዎች ካርዶች የካፍ ናቸው፤ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ጋር አይደመሩም፣ አይቀናነሱምም። በአንዱ ውድድር በተጠራቀመ ቢጫ የመጣን ቅጣት በሌላው ውድድር ጨዋታ ማስጨረስ አይቻልም፣ በወዳጅነት ጨዋታማ ጭራሽ። ሁሉንም በአንድ ደብተር የሚጽፍ ወይም በጭንቅላቱ የሚይዝ ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

ስለዚህ መዝገቡ ለእያንዳንዱ ውድድር ለየብቻ ይሁን። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ዓምድ፣ በመጨረሻ «ቀጣዩን ጨዋታ ያርፋል» የሚል ዓምድ። የሚሞላው ከዳኛው ሪፖርት ነው፤ ከቴሌቪዥን ወይም ከጋዜጣ አይደለም። ዳኛ በግርግር ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ሊጽፍ ይችላልና ከስታዲየም ሳትወጡ ከአራተኛው ዳኛ ወይም ከኮሚሽነሩ ጋር አመሳክሩ። በማግሥቱ ለማስተካከል መሞከር ክርክር ነው፣ በዚያች ሌሊት ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለት ሰው ይፈርምበት፤ አንዱ ከቡድኑ ጋር የሚጓዝ፣ አንዱ ጽሕፈት ቤት የሚቀር።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ሁለት ቢጫ አይቶ ከወጣ እነዚያ ሁለት ቢጫዎች በቀዩ ይጠቀለላሉ፤ ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ አይቆጠሩበትም። ቢጫ አይቶ ቆይቶ በቀጥታ ቀይ ከወጣ ግን ያ ቢጫ ይቀራል፣ ወደ ቀጣዩ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ለቅጣት የሚቆጠረው በእርግጥ የተካሄደ ጨዋታ ብቻ ነው። ጨዋታው ከተራዘመ ቅጣቱም አብሮ ይሸጋገራል፤ ቀኑ ስላለፈ ያለቀ ይመስላል፣ አላለቀም።

የፎርፌ ጨዋታ ካርድስ? ለዚህ በዚያው ማጣሪያ ኬፕ ቨርዴ የከፈለችውን ማየት ይበቃል። ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር ባደረገችው ጨዋታ ተሸንፋ ነበር፤ ተጋጣሚዋ ያልተፈቀደለት ተጫዋች በማሰለፉ ውጤቱ 3 ለ 0 ተብሎ ለእርሷ ተሰጠ። ተከላካይዋ ፈርናንዶ ቫሬላ በዚያ ጨዋታ ቀይ አይቶ ነበር። ውጤቱ ሲሻር ካርዱ አልተሻረም። እርሱን አሰልፋ ጳጉሜን 2 ቱኒዚያን በቱኒዚያ ሜዳ 2 ለ 0 አሸንፋ ምድቡን መራች፣ ከቀናት በኋላ ያም በፎርፌ ተወሰደባትና ቱኒዚያ አለፈች። የአንድ ፎርፌ ተጠቃሚ በሌላ ፎርፌ ወደቀ።

ይህ ያለፈ ዘመን ችግር ነው የሚል ካለ፣ ያን ጊዜ በምድባችን የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። መጋቢት 12 ቀን 2017 ለ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሌሶቶን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ሁለት ቢጫ የነበረበትን ቴቦሆ ሞኮዌናን አሰልፋለች። ሌሶቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ክስ አላቀረበችም። ያም ሆኖ ወራት ቆይቶ መስከረም 2018 ላይ ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ለሌሶቶ ሰጠ፣ 10,000 የስዊስ ፍራንክም ቀጣ። ደቡብ አፍሪካ ከ17 ወደ 14 ነጥብ ወርዳ ከቤኒን ጋር እኩል ሆነች። ከዚያ በአቻ አንድ ነጥብ ጨምራ፣ ጥቅምት 4 በመጨረሻው ቀን ሩዋንዳን 3 ለ 0 ስታሸንፍና ቤኒን በናይጄሪያ 4 ለ 0 ስትሸነፍ ነው በ18 ነጥብ ያለፈችው፤ ናይጄሪያና ቤኒን 17 ነበራቸው። «ተጋጣሚ ካልከሰሰ አለፈ» የሚለው እምነት የተሳሳተ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የቅጣት ማስታወቂያ የሚላከው ለፌዴሬሽኑ እንጂ ለእናንተ ስልክ አይደለም። ከጽሕፈት ቤት ወደ ቡድን መሪ፣ ከቡድን መሪ ወደ አሰልጣኝ ይሄዳል፤ በሦስቱም በር ላይ ሊቀር ይችላል። አንዱ ለበዓል ወጥቷል፣ አንዱ ኃላፊነቱን አስረክቦ ሄዷል፣ አንዱ አንብቦ «ያውቁታል» ብሎ አስቀምጦታል። መፍትሔው ተቀባዩ የተጫዋቹን ስምና የሚያርፍበትን ጨዋታ በራሱ እጅ ጽፎ እንዲመልስ ማድረግ ነው። «ደርሶኛል» የሚል መልስ አትቀበሉ። ደብዳቤ ባይመጣም ደግሞ መዝገባችሁ ያርፋል ካለ ያርፋል፤ ማስታወቂያ አልደረሰኝም ማለት ነጥብ አያስመልስም። መዝገቡ ሦስት ጊዜ ይታይ፦ ተጫዋቾች ሲጠሩ፣ ከቅድመ ጨዋታ ስብሰባ በፊትና የአሰላለፍ ወረቀቱ ሲፈረም። የተቀጣ ተጫዋች በተጠባባቂነትም አይጻፍም።

አሰልጣኙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት ወረቀት እንጂ ትዝታ አይሁን። ውጤታማ ተጫዋችን ከአሰላለፍ ማስወጣት ክርክር አለው፣ በተለይ በአውቶቡስ ውስጥ ሲሆን። ስለዚህ ከአውቶቡስ በፊት ይነገር።

ከፊታችሁ ባዶ ሠንጠረዥና የአንድ ምናባዊ ምድብ ስድስት የዳኛ ሪፖርቶች አሉ። በመካከላቸው የአንድ ሌላ ውድድርና የአንድ ወዳጅነት ጨዋታ ሪፖርት ሆን ተብሎ ተቀላቅሏል። አራተኛው ሪፖርት ላይ አንድ የማልያ ቁጥር ተሳስቷል። ለስድስተኛው ጨዋታ ማን እንደማይሰለፍ ጻፉና ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር አመሳክሩ፤ አርባ ደቂቃ አላችሁ።