የሕልም የመኪና ጉዞ በሁለት ደቂቃ፦ አንድ የአይኤልትስ ስፒኪንግ ካርድ ስንፈታ

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ አንድ ካርድ ብቻ ይዘን ነው የመጣነው። የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ የሆነው የአይኤልትስ ፈተና የንግግር ክፍል (ስፒኪንግ) አለው፤ በዚያ ክፍል ሁለት ላይ ፈታኙ የሚሰጠው ካርድ «በመኪና ልትሄድበት የምትመኘውን ጉዞ ግለጽ» ይላል። ከሥሩ ወዴት፣ ከማን ጋር፣ ምን እያደረግህ፣ ለምንስ በመኪና የሚሉ ጥያቄዎች አሉት። መዘጋጃው አንድ ደቂቃ፣ ንግግሩ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ።

ዳንኤል፦ ሲያዩት ደስ የሚል ካርድ ነው። ግን አርባ ሰከንድ ላይ ወሬው ያልቅና ተፈታኙ ፈታኙን ማየት ይጀምራል።

ሜሮን፦ ምን ሆኖ ነው የሚያልቅበት?

ዳንኤል፦ ጉዞው ስለሚገዝፍበት። አሜሪካ ያለውን ሩት 66 ይመርጣል እንበል። ከቺካጎ ሳንታ ሞኒካ ድረስ 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስምንት ግዛት ነው። ያን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ለማዳረስ የከተማ ስም መደርደር ይጀምራል። ስም ሲደረደር ግሥ የለም፣ ማያያዣ የለም፣ ፈታኙ የሚመዝነው ነገር ያጣል።

ሜሮን፦ አጭር መንገድ፣ አንድ ሁለት ማረፊያ ይበቃል ነው የምትለው።

ዳንኤል፦ አዎ። አውስትራሊያ ያለውን ግሬት ኦሽን ሮድ ውሰጂ። 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከቶርኬ ተነስቶ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1932 የሠሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው፤ ለሞቱ ጓዶቻቸው መታሰቢያ ነው። በዚያ ላይ ትዌልቭ አፖስትልስ የሚባሉት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ባሕሩ ውስጥ ቆመው ይታያሉ።

ሜሮን፦ ፈታኙ እኮ የጂኦግራፊ መምህር አይደለም።

ዳንኤል፦ አይደለም፤ ርዝመቱን ብትሳሳቺም አይቀንስብሽም። የሚያየው አራት ነገር ነው፦ ቅልጥፍናና የሐሳብ ትስስር፣ የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ የድምፅ አወጣጥ። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ይህን መንገድ ያነሳሁት ለሰዋስው ስለሚመች ነው። መንገዱ አሁን ስላለ «ዘ ሮድ ረንስ አሎንግ ዘ ኮስት» ትያለሽ። ታሪክ ስላለው «ኢት ዎዝ ቢልት ባይ ሶልጀርስ»። ምኞቱ የቆየ ስለሆነ «አይቭ ኦልዌይስ ዎንትድ ቱ ሲ ኢት»። ጉዞው ገና ስላልተደረገ «ዊ ዉድ ሴት ኦፍ ቢፎር ሰንራይዝ»። አራት የግሥ ቅርጽ፣ አንዱም በግድ የገባ አይደለም።

ሜሮን፦ ታሪኩ ጌጥ ሳይሆን ኃላፊ ጊዜን ለመጠቀም ሰበብ ነው ማለት ነው። ጥሩ። ግን ትልቁ ችግር ያለው የመጨረሻዋ ላይ ይመስለኛል። ሰው «አይ ዉድ ላይክ ቱ ጎ» ብሎ በትክክል ይጀምራል፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ዊ ዊል ስቶፕ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ዊ ስቶፕድ» ይሆናል። ጉዞው በሐሳቡ ስለታየው የሄደበት ያህል ይተርከዋል።

ዳንኤል፦ በአማርኛ «እንቆማለን» ስንል ለቁርጥ ዕቅድም ለምኞትም ያገለግላል፤ «ዊል» ቶሎ የሚመጣው ለዚያ ነው። ሌላም አለ፦ «ዊ ዉድ ስቶፕ» ሲያጥር «ዊድ ስቶፕ» የሚለው ውስጥ ያለችው «ድ» ትዋጥና «ዊ ስቶፕ» ሆና ትሰማለች። ስለዚህ አዲስ ነጥብ በጀመራችሁ ቁጥር የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን «ዉድ» ብላችሁ በሉት። ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይቻላል፤ «ማይት»ም መቀላቀል ይቻላል፤ ሁሉም ዓረፍተ ነገር ላይ «ዉድ» ከደጋገማችሁት ያሰለቻል።

ሜሮን፦ ወደ ዝግጅቷ ደቂቃ እንምጣ። ወረቀትና እርሳስ ይሰጣል።

ዳንኤል፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ ደቂቃዋ ታልቃለች፤ ከዚያ አንገት ደፍቶ ማንበብ ይመጣል። ከላይ በትልቁ «ዉድ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ለአራቱ ጥያቄ ሦስት ሦስት ቃል፣ በቃ። አስራ ሁለት ቃል ነው።

ሜሮን፦ ጊዜውስ እንዴት ይከፋፈል?

ዳንኤል፦ ወዴት ለሚለው ሃያ ሰከንድ፣ ከማን ጋር አስራ አምስት፣ ምን እናደርጋለን ሃምሳ፣ ለምን ደግሞ ሠላሳ አምስት። በተግባር ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው፤ መግቢያው ላይ አንድ ደቂቃ ያጠፋና «ለምን» ላይ «ቢኮዝ ኢት ኢዝ ቢዩቲፉል» ብሎ ይዘጋል።

ሜሮን፦ «ከማን ጋር»ም እኮ «ዊዝ ማይ ፍሬንድስ» ተብሎ የሚዘለል ነው። ሰዎቹን ሥራ ስጧቸው። አንዱ ካርታ ያያል፣ ሁለቱ እየተቀያየሩ ይነዳሉ። «ቴክ ተርንስ ድራይቪንግ» ስትሉ የቃላት ሀብቱም ይታያል።

ዳንኤል፦ «ለምን» ደግሞ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። በአውሮፕላን ቢሆን መሐሉ ይቀራል፤ በባቡር ቢሆን የትም መቆም አይቻልም፤ በመኪና ግን ዓምዶቹ ጋ ፀሐይ እስክትጠልቅ መጠበቅ ይቻላል። «አይድ ራዘር ድራይቭ ዳን ፍላይ» ብላችሁ ቀጥሉበት።

ሜሮን፦ ይህም ሁሉ ተብሎ አንድ ደቂቃ ከአስር ላይ ቢያልቅስ?

ዳንኤል፦ ጉዞውን አበላሹት። ዝናብ ቢጥል፣ ጎማ ቢተነፍስ፣ መንገድ ቢዘጋ ምን ታደርጋላችሁ? «ኢፍ ዊ ጎት ኤ ፍላት ታየር፣ ዊድ...» ብሎ መግባት ነው። ሃያ ሰከንድ ይሞላል፣ ሁኔታዊ ዓረፍተ ነገርም ይጨመርላችኋል። በዚያው «ኤ ትራቭል» አትበሉ፤ «ኤ ትሪፕ» ወይም «ኤ ጀርኒ» ነው። «ባይ ማይ ካር»ም አይባልም፤ «ባይ ካር» ወይም «ኢን ማይ ካር»።

ሜሮን፦ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ፈታኙ ያስቆማል። ዓረፍተ ነገር መሐል ቢሆንም አትደንግጡ፤ ነጥብ አይቀንስም። ተሸምድዶ የመጣ ንግግር ግን ያስቀንሳል፤ ደግሞም ይታወቃል፤ ፍጥነቱ ድንገት ይጨምራል፣ ቀጥሎ የመጣች ትንሽ ጥያቄ ላይ ይሰናከላል።

ዳንኤል፦ ያች ትንሽ ጥያቄ አጭር መልስ ነው የምትፈልገው፤ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ክፍል ሦስት ይመጣል፤ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ። «ሰዎች ከሕዝብ ትራንስፖርት ይልቅ የራሳቸውን መኪና ለምን ይመርጣሉ?» ዓይነት ጥያቄ ነው። እዚህ ተመልሶ ስለ አውስትራሊያ ማውራት አያዋጣም። «ፒፕል ቴንድ ቱ» ብሎ ስለ ሰው በጠቅላላ መናገር፣ ከዚያ ምክንያትና ምሳሌ ማስከተል ነው።

ሜሮን፦ ልምምዱን ንገረንና እንለያይ።

ዳንኤል፦ ስልካችሁ ላይ ሁለት ደቂቃ ቅዱና ሁለት ጊዜ አዳምጡ። በመጀመሪያው ግሦቹን ብቻ፤ «ዊል» ወይም «ስቶፕድ» የገባበትን ሰከንድ ጻፉ። በሁለተኛው ደግሞ «ለምን» የጀመረበትን ሰከንድ። ከ1፡30 በኋላ ከሆነ መግቢያውን ቁረጡና እንደገና ቅዱ።

ሜሮን፦ በሚቀጥለው ቅጂ ግን መንገዱን ቀይሩት።

ዳንኤል፦ አዎ፣ ያንኑ ከደገማችሁት መሸምደድ ይሆናል።