ፍየሎቹ አይደሉም

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

መብራቱ ሲበራ ፊታችሁን አየሁት። ብዙዎቻችሁ ገና ከዚያ ከሚነደው ቤት አልወጣችሁም። እኔም ይህን «ፌሊዴ» የተባለ የድመቶች ካርቱን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ስለዚህ አልቸኩልም፤ እናንተም አትቸኩሉ። ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን።

በቅድሚያ አንድ ዕዳ አለብኝ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ነበር። በማስታወቂያው ላይ ድመት አይተው የልጆች ምሽት መስሏቸዋል። በሩ ላይ ቆሜ ልጆቹን ማስገባት እንደማልችል ነገርኳቸው። አንደኛዋ እናት «ድመት አይደለም እንዴ? ካርቱን አይደለም እንዴ?» አለችኝ፤ ቅር ብሏታል። ልጇ እየተጎተተ ሲሄድ ወደ ሥዕሉ ዞር እያለ ያይ ነበር። ለእርሷ በችኮላ የሰጠኋት መልስ ለእኔም አልጣመኝም። አሁን የምናገረው ለእርሷ መናገር የነበረብኝን ነው።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በእንግሊዝ አገር «ዋተርሺፕ ዳውን» የተባለ የጥንቸሎች ፊልም ወጣ፤ የአገሪቱ የፊልም መርማሪዎችም ለማንኛውም ዕድሜ ይሆናል ብለው ፈቀዱት። ጥንቸልን ማን ይጠረጥራል? ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ፤ ሜዳው በደም ሲሞላ፣ ጥንቸሎች በተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ ታፍነው ሲያልቁ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው አዩ። ደረጃው ተለውጦ የወላጅ ምክር ያስፈልገዋል የተባለው በ2022 ነው። 44 ዓመት ፈጀ! የዚያው ፊልም ዳይሬክተር ማርቲን ሮዘን በ1982 ደግሞ ከምርምር ጣቢያ ስላመለጡ ሁለት ውሾች ሌላ ፊልም ሠራ። የሚጀምረው አንድ ጥቁር ውሻ ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ አቅሙ አልቆ እስኪሰጥም ሲዋኝ፣ ሰዎች ደግሞ ዳር ቆመው ሰዓት ሲይዙ በማሳየት ነው። ያ ውሻ ተጎትቶ ይወጣል፣ ነፍስ ይዘራል፤ በማግሥቱ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ እንደሚጣል ግን እናውቃለን። ሥዕል ስለሆነ ልጅ ይየው የሚል ሰው ያንን ገንዳ አላየም።

ዛሬ ያየነው «ፌሊዴ» በ1994 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ሚካኤል ሻክ ሲሆን የተሠራውም በዚሁ በምንኖርበት ከተማ፣ በሀምቡርግ ነው። እያንዳንዱ ድመት በእጅ የተሳለ ነው። ታሪኩ የመጣው ከ1989 ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው፤ ወደ ደራሲው በኋላ እመለሳለሁ፤ መመለስ አለብኝ። የፌሊዴን ትርጉም ለጠየቃችሁኝ፣ ሳይንቲስቶች ለድመት ቤተሰብ በሙሉ፣ ከአንበሳ እስከ ቤት ድመት፣ የሚጠቀሙበት የላቲን ስም ነው።

እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። እንጀራዬ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል በፊልሙ ውስጥ በድመቶች ላይ ሙከራ የሚያደርገው የፕሮፌሰር ፕሬቴሪየስ የቪዲዮ ማስታወሻዎች ከሬሳዎቹ ሁሉ በላይ ያስፈሩኝ። ሰውየው ቁስል የሚያጣብቅ ሙጫ ለመሥራት ነው የተነሣው። ዓላማው መልካም ነው፤ በሥራዬ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ስንቱን ሰው በጠቀመ እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አነጋገሩ ለእኔ የታወቀ ነው፤ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ ሥርዓት ያለው። እኔም በየቀኑ የምጽፈው እንዲሁ ነው። ከዚያ ሙከራው አልሳካ ሲለው፣ አእምሮው ቀስ በቀስ ሲናወጥ፣ ድመቶቹ ሲያልቁ እናያለን። ጭካኔው የጀመረው በየትኛው ቀን ነው? ፊልሙን አራት ጊዜ አይቼ ያቺን ቀን ለይቼ ማስቀመጥ አልቻልኩም።

አሁን ከአያቴ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ የነብር ግልገል ከቤቱ ርቆ ወጣ። ዝሆኖች ከሚግጡበት ሜዳ ደረሰና አንዱ ዝሆን ሳያየው ረግጦ ገደለው። ሬሳውን ያገኙት ለአባቱ መርዶ ይዘው ሄዱ። ነብሩ አለቀሰ። ልቅሶው ሲበርድለት «ልጄን ማን ገደለው?» አለ። «ዝሆን ነው» አሉት። «ዝሆን?» አለ። «አዎን፣ ዝሆን።» ነብሩ ጥቂት አሰበና «የለም፣ ዝሆን አይደለም። ፍየሎቹ ናቸው። ልጄን የገደሉት ፍየሎቹ ናቸው!» አለ። ወጥቶም በኮረብታው ላይ የሚግጡትን ፍየሎች ፈጃቸው።

አያቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ዝም ትል ነበር። እኛ ልጆቹ እንስቃለን። ምድጃው ዳር የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ግን አይስቁም፤ እሳቱን ያያሉ። ያኔ አልገባኝም። በእንስሳት አፍ የሚነገር የግድያ ታሪክ ለአዋቂ መሆኑን ከአውሮፓ ፊልም መማር አላስፈለገንም ማለቴ ነው። እኛ ቤት ልጆቹ የሚሰሙት አጠገብ ስለተገኙ ነበር።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ዋናው ባለታሪክ ፍራንሲስ የተባለ መርማሪ ድመት ነው። ከባለቤቱ ከጉስታፍ ጋር ወደዚያ የፈራረሰ አሮጌ ቤት እንደገባ የመጀመሪያውን ሬሳ ያገኛል። ብላውባርት፣ ያ አካሉ የጎደለ፣ አፉ የማይገታ፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ድመት፣ ገዳዩን ወዲያው ያውቀዋል፤ ሰዎች ናቸው ይላል። ሰዎችን የሚጠራቸው «ቆርቆሮ ከፋቾች» እያለ ነው። ለድመት ሰው ማለት የምግብ ቆርቆሮ የሚከፍት ፍጡር ነዋ! ፍራንሲስ ግን ወደ አንገቱ ቁስል ጠጋ ብሎ ያያል። የጥርስ ምልክት ነው፤ የድመት ጥርስ።

ብላውባርት የከሰሰው ኃያሉን ነው፤ ነብሩ ደግሞ ደካማውን፤ ስለዚህ ሁለቱ አይመሳሰሉም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብላውባርትን ከነብሩ ጋር አልደምረውም። ሰዎች በድመቶች ላይ የሠሩትንም ከፕሬቴሪየስ የቪዲዮ ማስታወሻዎች አይተናል፤ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ሆኖም ሁለቱም ወደ ቁስሉ አልተጠጉም። መርማሪ ማለት ለእኔ ወደ ቁስሉ የሚጠጋ ነው፤ ያገኘው ነገር የራሱን ወገን ቢያስከስስም እንኳ።

ሰዎች የሚተውኑበት ፊልም ቢሆን ኖሮ ይህን እንዲህ ልናየው የምንችል አይመስለኝም። ሟቹን እንዳየን የማን ወገን እንደሆነ እንጠይቅ ነበር። ከስሙ፣ ከአነጋገሩ፣ ከመልኩ ገምተን፣ ምን ያህል እንደምናዝን በዚያው እንወስን ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ባለፉት ዓመታት የአገራችንን መርዶ የሰማነው እንዲያ ነው። ለድመቶቹ ግን ወገን አልነበረንም። ሬሳው ሬሳ ብቻ ነበር። ወገን መያዝ ሳንጀምር አዘንን፤ ልባችን ከገባ በኋላ ነው ነገሩ ስለ ዘር መሆኑን የሰማነው።

አዎን፣ ስለ ዘር። ፓስካል፣ ያ ትሑት፣ የተማረ፣ በባለቤቱ ኮምፒውተር የሟቾቹን መዝገብ አዘጋጅቶ ፍራንሲስን የሚረዳው ሽማግሌ ድመት፣ ገዳዩ እርሱ ነው። መዝገቡን የያዘው እጅና የገደለው እጅ አንድ ነበር። ከፕሬቴሪየስ ቢላዋ የተረፈው፣ ክላውዳንዱስ የተባለው ድመት ይኸው ነው፤ ከሰው ልጅ የተማረውንም ወደ ራሱ ወገን አመጣው። ከሰው ጋር መኖር ያላለዘበውን የጥንቱን ድመት እንደገና ለማራባት ተነሣ፤ ከመረጣቸው እንስቶች ጋር ሊዳሩ የቀረቡትን ተራ ወንዶች በጥርሱ ጣላቸው። ዘሩ እንዳይደባለቅ።

ፍራንሲስ በቅዠቱ ያየው ግዙፍ ሰው፣ የሞቱ ድመቶችን በገመድ እንደ አሻንጉሊት የሚያስጨፍረው፣ ግሬጎር ሜንዴል ነው። ስለ ሜንዴል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረናል። በብርኖ ከተማ የሚኖር መነኩሴ ነበር፤ ከ1856 እስከ 1863 በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር ሲያዳቅል ኖረ፣ በ1866 ጽሑፉን አሳተመ፤ እስከ 1900 ድረስ ግን የሰማው የለም ማለት ይቻላል። ሜንዴል ማንንም አልገደለም። አተር ነው የዘራው። በፊልሙ ውስጥ እንዲያ ሆኖ መሳሉ ለእርሱ አያሳዝናችሁም? እኔ አዝኛለሁ። ነገር ግን ከሞተ በኋላ ስሙን ይዘው የተነሡት ምን እንዳደረጉ በዚህ አገር መሬት ላይ ቆመን መርሳት አንችልም። በሐምሌ 1933 የወጣው የጀርመን ሕግ ዘራቸው ሕመም ያወርሳል የተባሉ ሰዎች በግዴታ እንዲመክኑ አዘዘ፤ 400,000 ያህል ሰዎች በዚያ መንገድ መከኑ። የወሰኑባቸው ጨለማ ውስጥ የተደበቁ ወንበዴዎች አልነበሩም፤ ሐኪሞችና ዳኞች ነበሩ። እንደ ፓስካል መዝገብ ነበራቸው።

ጀርመንኛ ገበሬው ለሚዘራው፣ ለልጅ ልጅና እነዚያ ሰዎች ለለዩት የሰው ዓይነት የተለያዩ ቃላት አሉት። አማርኛ ለሁሉም «ዘር» ይላል። ዘር ይውጣልህ ብለን እንመርቃለን፣ ዘር ቆጥረንም እንጋደላለን። አንድ ቃል መሆኑ አንዳንድ ጊዜ ያስጨንቀኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይጠቅመናል እላለሁ፤ ከምርቃቱ ወደ መርገሙ የሚወስደው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ምላሳችን ራሱ ያሳየናልና።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንላለን። ስንት ጊዜ እየሳቅን ብለነዋል! ፊልሙን ካየሁ ወዲህ ግን ስለው አፌ ይያዛል፤ የፓስካል እምነት ይኸው ነውና። ደም ያው ደም ነው፣ የተወለድክበትን አትለውጥም፣ ለማዳው ድመት የተበላሸ አውሬ ነው። በሽታ ሊገድለው የደረሰው ይህ ሽማግሌ ሥራውን እንዲወርስለት የመረጠው ፍራንሲስን ነው፤ ከሁሉ ብልህ ስለሆነ። ፍራንሲስም ድመት ነው፤ ጥርስም ጥፍርም አለው፣ ቀርቶለት አያውቅም። እንቢ አለ። ዐመሉን ሳይረሳ እንቢ አለ።

አሁን ወደ ደራሲው ልምጣ። ይህን ክፍል ላልፈው ፈልጌ ነበር፤ ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። አኪፍ ፒሪንቺ የተወለደው ኢስታንቡል ነው፤ በልጅነቱ በ1969 ከወላጆቹ ጋር ወደ ጀርመን መጣ። እንደ እኛ የስደተኛ ልጅ ነው። በ30 ዓመቱ የዘርን ንጽሕና የሚሰብክ ገዳይ ጽፎ ዝነኛ ሆነ። በጥቅምት 2015 ደግሞ ያው ሰው በድሬስደን አደባባይ፣ ስደተኞችን በሚቃወመው በፔጊዳ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስደተኞችና በሙስሊሞች ላይ ጥላቻ የሞላው ንግግር አደረገ። ንግግሩ አገሩን አነጋገረ፤ አሳታሚውም መጽሐፎቹን መሸጥ አቆመ።

ይህን ስሰማ ያመመኝን ሕመም በቃል አልገልጸውም። ወደ ቁስሉ የሚጠጋውን መርማሪ የፈጠረ ሰው ተመልሶ «ፍየሎቹ ናቸው» አለ። ታዲያ ፊልሙን ለምን አሳየሃቸው የሚል ሰው ካለ፣ ጥያቄው የክብር ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ፊልሙን የሳሉት ብዙ እጆች ናቸው፣ ታሪኩም ከጸሐፊው ይልቅ እውነተኛ ሆኖ ቆሟል። ገንዘቤን ለእርሱ አልሰጥም። ፍራንሲስን ግን አሳልፌ አልሰጠውም። ከእኔ ጋር የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቡናው ላይ እንነጋገርበት።

ልጇን የመለስኩባት እናት ስልክ ቁጥሯን ትታልኛለች። ነገ እደውልላታለሁ፤ ልጇ አሥራ አምስት ሲሞላው አብረውን እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ዓይነ ስውሯ ድመት ፌሊሲቲ ግድያውን አላየችም፤ በጨለማው ውስጥ ሟቾቹ ከመሞታቸው በፊት አንድ ድምፅ ሲያናግራቸው፣ ሊያግባባቸው ሲሞክር ነው የሰማችው። ፓስካልን በድምፅ የተጫወተው ታላቁ የኦስትሪያ ተዋናይ ክላውስ ማሪያ ብራንዳወር ነው። ፓስካል ለፍራንሲስ ዓላማውን የሚያስረዳበትን ክፍል እንደገና እከፍተዋለሁ። እባካችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ ድምፁ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ልብ በሉ። መብራቱን አጥፉልኝ።