የአባቴ ፒክአፕ እና ስውሯ ማብሪያ

እሺ፣ እየቀዳሁ ነው። የምትሰሙት ጫጫታ ዝናብ ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ አልተመቸኝም። መብራት የለም፣ ጎረቤት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ብረት ይቆርጣሉ። ስለዚህ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስታወቶቹን ዘግቼ፣ ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ አቁሜ ነው የማወራችሁ። አራት ኪሎ ነን። ጣሪያው ላይ ቆሎ የሚታመስ ይመስላል።

ከገባሁ አይቀር ስለ እሷው ላውራ አልኩ።

ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፣ ደብል ጋቢና። አባቴ በ1994 ዓ.ም. ሲገዛት እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሞተሯ አምስት ኤል የሚባለው ነው። 3 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው። ከለገሃር ተነስታ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጣ ታቃስታለች። አይፈረድባትም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ያስገባል። የእኔዋ ግን የተሰጣትን ነው የምትተነፍሰው። ከኋላዋ ጥሩምባ የሚነፉት ሰዎች ይሄን ቢያውቁ ጥሩ ነበር።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከሰልስቱ በኋላ ድንኳኑን ለእድሩ መመለስ ነበረብን። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ግን አትነሳም። ደግሜ ሞከርኩ። ትር ትር ትር፣ ከዚያ ዝም። ድንኳኑ በሰው መኪና ሄደ።

መካኒክ ጠራን። ባትሪ ነው አለ። ባትሪ ገዛን። አልተነሳችም። ሌላ ጠራን። ናፍጣው መስመር ውስጥ አየር ገብቷል አለ። እውነት ነው፣ አየር ከገባ ናፍጣ መኪና አይነሳም። መስመሩን ፈቶ፣ በእጁ ፓምፕ አድርጎ አየሩን አስወጣ። ምንም የለም። ካንዴላ ቀየረ። አሁንም ምንም። ሁለት ቀን ሙሉ ደጃፋችን ጋራዥ ሆነ። ለቀስተኛ ይገባል፣ መካኒክ ይወጣል። እናቴ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ለመካኒክ ሻይ ታቀርባለች።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ መካኒክ አመጡልን። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው መኪናዋን አንዴ ዞሯት። ኮፈኑን እንኳን አልከፈቱም።

«ልጄ፣ አባትሽ ይቺን መኪና ማታ የት ነበር የሚያሳድሯት?»

«ደጅ፣ መንገድ ዳር» አልኳቸው። ያኔ ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ስለነበር መኪና አይገባም።

«በቃ፣ ደብቀዋል ማለት ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መዝጊያ አለ። ቁልፍ ስታዞሩ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል፣ ይከፈታል፣ ናፍጣ ያልፋል። የዚያን ሽቦ መንገድ ላይ ቆርጦ ማብሪያ ያስገባበት ሰው ማብሪያውን ካጠፋ፣ ሌባው ሞተሪኖውን እስኪነጋ ቢያዞረው ሞተሩ አይነሳም። ሽማግሌው ያንን ሽቦ ከፖምፓው ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየውን ላሜራ አልፈው፣ ዳሽቦርዱ ስር ተኝተው ደረሱበት። የሲጋራ መተርኮሻው ጋ። መተርኮሻውን ሳብ አድርገው አወጡት። ከጀርባው የጥፍር ያህል ጥቁር ማብሪያ ነበረች።

አባቴ ሲጋራ አያጨስም። እኛም አናጨስም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን መተርኮሻ ማናችንም ከፍተነው አናውቅም። ለማንም አልተናገረም። ለእናቴም።

ሽማግሌው ማብሪያዋን ጫን አደረጉ፣ ቁልፉን አዞሩ፣ መኪናዋ በአንዴ ተነሳች። ሳቅን። በጣም ሳቅን። ከዚያ እናቴ ድንገት «ለእኔ እንኳ!» ብላ አለቀሰች።

መኪናዋን ዞር ዞር ብዬ ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሌላስ ምን ደብቆብን ይሆን ብዬ። ብዙ ነገር ነበር። ስፖኪዮዎቹና የፊት መብራቶቹ ላይ ታርጋ ቁጥሯን አስቀርጿል። ይሄን የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ስፖኪዮ ጠዋት ከጠፋ፣ ከሰዓት ራስህ ፈልገህ መልሰህ የምትገዛው ነገር ነው። ቁጥር የተቀረጸበት ግን ገዢ የለውም። የኋላው በር ሲዘጋ እንዳይንኳኳ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ለጥፎበታል። ስፖንዳው ውስጥ ደግሞ ስድስት የብረት ቀለበት አለ፣ ገመድ ለማሰሪያ። በየዓመት በዓሉ የሰፈሩ በግ ሁሉ እዚያ ታስሮ ነው የመጣው።

ወደ እሱ ልምጣ። ፒክአፕ ያላችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ፒክአፕ ካለህ የእድሩ አባል ብቻ አይደለህም፣ የእድሩ ንብረት ነህ። ቤት የሚቀይር ይደውላል፣ ሰርግ ያለው ይደውላል፣ ፍሪጅ የገዛ ይደውላል። ሊሞዚን ያለው ሰው እንኳን ይሄን ያህል አይፈለግም። አባቴ ሲሞት ስልክ ቁጥሩን ሳይሆን መኪናዋን ነው የወረስኩት፣ ግን ደዋዮቹ አብረው መጡ።

የመጀመሪያው የራሴ ሥራ ከእድሩ የመጣ ነው። የደብል ጋቢና ኋላ አጭር ነው፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። የድንኳን ብረት ደግሞ ረጅም ነው። ሁልጊዜ ወደ ኋላ ተርፎ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ ነበር የምንሄደው። አንድ ቀን አንድ ሚኒባስ ሊገባበት ለጥቂት ተረፈ። ስለዚህ ከጋቢናው በላይ አንድ፣ ከኋላ አንድ መደገፊያ ላሠራ አልኩ፣ ከቱቦላሬ።

በያጁ ወጣት ነው፣ እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ቸኩሏል። በቀጥታ ስፖንዳው ላይ ልበይደው አለኝ። እንቢ አልኩ። የስፖንዳ ላሜራ ስስ ነው። ስትበይደው ቀለሙ በውስጥ በኩል ይቃጠላል፣ አንድ ክረምት ሳያልፍ ይዝጋል። በብሎን ይሁን አልኩት። ከስር ጎማ፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ባልፈለግሁት ቀን እፈታዋለሁ። «እህቴ፣ አንቺ መካኒክ ነሽ እንዴ?» አለኝ። አይደለሁም። መተርኮሻ ውስጥ የተደበቀ ማብሪያ ያስተማረኝ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ግን አላወቅሁም ነበር። ልኩን ለመያዝ መኪናዋ ላይ እንዳለ ነካ ነካ አድርጎ በየደው። መኪና ላይ በኤሌክትሪክ ሲበየድ የባትሪው ነጌቲቭ መፈታት አለበት። እኛ አልፈታንም። ከዚያ ቀን በኋላ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት አቆመ። ዲናሞ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሶማሌ ተራ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እናንተ ትጠየቃላችሁ። «ኦርጅናል ነው የምትፈልጊው፣ ያገለገለ ኦርጅናል ነው፣ ወይስ አዲስ?» አዲሱ ኦርጅናል አይደለም ማለት ነው። እኔ ያገለገለውን ወሰድኩ። እስከ ዛሬ ይሠራል። መደገፊያው ከዲናሞው ጋር ተደምሮ ስንት እንደወጣበት ለእናቴ አልነገርኳትም። የቤተሰብ ልማድ ነው መሰለኝ።

ከዚያ 2016 መጣ። የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሱ ታስታውሳላችሁ። ዶሮ ማነቂያ የእናቴ አብሮ አደጎች ነበሩ። አንዷን እማማ ነው የምንላቸው፣ የእናት ያህል ናቸው። ከአምሳ ዓመት በላይ የኖሩበት ቤት ነው። አምስት ቀን ተመላለስኩ። ቡፌ፣ ምጣድ፣ ፍራሽ፣ የበርበሬ ጀሪካን፣ የተበተነ አልጋ። እማማ ጋቢና ተቀምጠው አንድም ቃል አይናገሩም። አንዴ ብቻ፣ ስንወጣ፣ «በሩን ቆልፈሻል?» አሉኝ። በሩ ተነቅሎ ኋላ ላይ ተጭኖ ነበር። «ቆልፌያለሁ» አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን ከኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባሌስትራው። ከተደራረቡት ብረቶች አንዱ ተሰብሯል። ሥራው ሲያልቅ ወስጄ የተሰበረውን አስቀየርኩ፣ በዚያው በየጎኑ አንድ አንድ ብረት አስጨመርኩ። ከእንግዲህ አትሰበርም ብዬ። መኪናዋ ከኋላ ብድግ አለች። ደስ አለኝ፣ ወጣት መሰለች።

ሁለት ችግር መጣ። የመጀመሪያው ይገመታል። ባዶዋን ኮብልስቶን ላይ ስነዳት እንደ ፈረስ ትዘላለች፣ ወገቤ አለቀ። ሁለተኛው ግን አስፈራኝ። ዝናብ ባለበት ቀን፣ ጭነት ይዤ ከአራት ኪሎ ወደ ታች ስወርድ ፍሬን ያዝኩ። ፊቷ ተደፋ፣ ኋላዋ ግን እንደ ድሮው አልያዘም። ቆመች፣ ግን ከለመድኩት ርቃ።

ሽማግሌውን መካኒክ ፈልጌ ሄድኩ። ስር ገብተው አዩና ሳቁ። እንደዚህ ዓይነት ፒክአፕ የኋላ አክሱ ላይ በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለው። ሥራው መመዘን ነው። መኪናዋ ስትጫን ወደ ታች ትወርዳለች፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይሰጣል። ባዶ ስትሆን ከፍ ትላለች፣ ቫልቩ ፍሬኑን ይቀንሳል፣ ኋላው ቀሎ እንዳይንሸራተት። እኔ ባሌስትራ ጨምሬ ከፍ ሳደርጋት፣ ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ጭኜም ባዶ። እኔ ጉልበት ጨመርኩላት ስል፣ እሷ መጫኗን የምታውቅበትን ነገር ነው ያጠፋሁት።

«ዘንጉን አስተካክላለሁ» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ብረት ስለጨመርሽ አክሱ አልወፈረም። ፍሬኑም አልወፈረም። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ጭነት ያው ነው።» አንዱን ብረት ከየጎኑ አስወጣሁ። አሁን ብዙ ሲኖር ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ።

ለራሴ ብዬ የሠራሁት ሁሉ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከሽፏል። 205 የነበረውን ባለ 16 ጎማ ከነቸርኬው ወደ 245/75 ቀየርኩት። ታምር ነበር፣ ፎቶ ሁሉ ተነሳሁ። ግን ጎማው ከድሮው በቁመት ወደ 3 ሳንቲሜትር ይበልጣል። አንዴ ሲዞር የበለጠ ይሄዳል። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል እውነቱ 62 ተኩል ነው። እዚህ ላይ የቸርችልን ዳገት አስታውሱ። ሳልፈልገው ማርሿን ያከበድኩባት ያህል ነው። የፊት መብራቱንም ኤልኢዲ አምፖል አስገባሁበት። የድሮ መብራት ቤት ለድሮ አምፖል ነው የተሠራው፣ ብርሃኑ ይበታተናል፣ መንገዱን ሳይሆን የሰው ዓይን ያበራል። አንድ የታክሲ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሰደበኝን እዚህ አልደግመውም። ልክ ነበር። ሁለቱንም መለስኩ።

የአክስቴ ልጅ ከዳላስ ሲመጣ መኪናዋን አይቶ «ይቺ እኮ አሻንጉሊት ናት» አለኝ። እሱ ፎርድ ኤፍ 150 ነው የሚነዳው። ፎቶ አሳየኝ። ባለ አራት በሩ 5.9 ሜትር ይጠጋል፣ ስፋቱ ስፖኪዮ ሳይቆጠር 2 ሜትር ያልፋል። ሜትር አምጥቼ አሁን የምናስገባበትን የግቢያችንን በር ለካሁለት። 2 ሜትር ከ30። ስፖኪዮው ሲዘረጋ አይገባም። «አጥፌ እገባለሁ» አለ። «ከገባህ በኋላስ በየትኛው በር ትወርዳለህ?» አልኩት። የሚያስቀው፣ እዚያ ያንን ግዙፍ ነገር «ግማሽ ቶን» ነው የሚሉት። የድሮ ስም ነው፣ የሚጭነው ከዚያ በላይ ነው። አካሉ ደግሞ በፈረንጆቹ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አሉሚኒየም ሆኗል። የእኛ ሰፈር በያጅ አሉሚኒየም ሲያይ ምን እንደሚል አሰብኩና ሳቄ መጣ። ግን አልዋሽም፣ ሲሄድ ፎቶውን እንዲልክልኝ ጠየቅሁት።

ከሠራሁት ሁሉ ያልተጸጸትኩበት የእናቴ መርገጫ ነው። መኪናዋ ከፍ ያለች ናት፣ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ድሮ እንደነበረው አይደለም። ከጎን ቱቦ አሳሰርኩ። መጀመሪያ ልሙጥ ነበር፣ በዝናብ አንሸራተታት፣ እኔ ባልይዛት ትወድቅ ነበር። ከዚያ ሸካራ ላሜራ አስደረግሁበት። ረግጣ ወጣች፣ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባትሽ ሃያ ዓመት አላሰበውም እኮ» አለችኝ።

ዝናቡ ሊያባራ ነው መሰለኝ። አዎ፣ ቆሎው አልቋል።

ማብሪያዋን ረሳሁ። የመተርኮሻውን ታሪክ ለሰው ሁሉ ስናገር ከረምኩ፣ ይኸው ዛሬ ደግሞ ለእናንተ። ስለዚህ ባለፈው ወር ሽማግሌው ጋ ሄጄ ቦታዋን አስቀየርኩ። የት እንደሆነች አልነግራችሁም። የሚያውቁት እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እሳቸው ደግሞ ሰማንያ ሊሞሉ ነው።

ቆይ፣ ለእህቴ ልደውልላት።